ከመስቀል በኋላ የተሰጠ ማዳበሪያ

የባለቤቴ ሙያ ፍራፍሬ ነበር። አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ የእርሻ ሠራተኛ ሆኖ ወደ አሰበ ተፈሪ ተመደበ። እኔ የዚያው ከተማ ልጅ ነኝ፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። እዚያው ተጋባን፣ እዚያው ኖርን። ካረፈ አሁን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ለልቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ደግነቱ ነግሮኝ ሄደ፤ እውነት ነው፤ እኔ ግን የምጽፈው ስለ ሠላሳ የብርቱካን ዛፎች ነው፤ ምክንያቱም በእነሱ ላይ የደረሰውን ያደረስሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነም ያን ጊዜ ያየሁት በእነሱ ነው።

በእኛ አገር ዛፍ የሚታየው በጫት ዓይን ነው። ቤተሰቤ ክርስቲያን ስለሆነ ጫት ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ቢሆንም ጥሩ ማሳ የቱ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ለይቼ አውቃለሁ። ጫፉ ላይ ለጋ፣ ወዝ ያለው፣ ቀላ ያለ ቀምበጥ ካወጣ ባለቤቱ ጎበዝ ነው። ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ቅጠል ከገበያ በጠፋበት ሰዓት፣ ፍግ አልብሶ ውሃ አጠጥቶ ቀምበጥ የሚያስወጣ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሂርናም ገለምሶም ሄዶ የጠየቀ ሰው ይህንኑ ይሰማል። ባለቤቴ ከሌላ አገር የመጣ በመሆኑ ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመው ነበር። «እናንተ እኮ ዛፉን አይደለም የምታዩት፣ ጫፉን ነው» ይለኛል።

ከከተማው በላይ፣ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ሸለቆ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «አባ» እያልን ነው የምንጠራቸው። እስላም ናቸው፣ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛቸው ጥርት ያለ ቢሆንም «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቁም፤ ባለቤቴንም የወረዳውን ሹምም «አንተ» ነው የሚሉት። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ባለቤቴ እኚህን ሰው አንድ ዓመት ሙሉ እየተመላለሰ ለመናቸው። በመጨረሻ እሺ አሉና በገዛ እጃቸው የተከሉትን ጫት ከአምስት እርከን ላይ ነቀሉ። በምትኩ ከገለምሶ በጭነት መኪና የመጣ፣ በኮምጣጣ ሎሚ ግንድ ላይ የተዳቀለ፣ ሥሩ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ብርቱካን ተተከለ። በእያንዳንዱ እርከን ስድስት፣ በጠቅላላው ሠላሳ።

ጎረቤቶቻቸው አልማሯቸውም። መንገድ ላይ ሲያገኟቸው «አባ፣ ዛሬስ ስንት እስር ብርቱካን ቃምክ?» ይሏቸዋል። ሽማግሌው ደግሞ መልስ አያጡም፤ «አንተ ጥርስህ ሲያልቅ እኔ ጭማቂ ስጠጣ ታየኛለህ» ይላሉ። እንዲህ ይሳቅ እንጂ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ዛፎቹ ከያዙ ከመሰላ ድረስ እየመጡ የሚያዩት ገበሬዎችም ሊተክሉ ነው። ካልያዙ ሽማግሌው ጫታቸውንም ብርቱካናቸውንም አጥተው፣ ባለቤቴም ዳግመኛ የሚሰማው ገበሬ ሳይኖር ሊቀር ነው።

ሦስት ዓመት ደኅና አለፈ። ዛፎቹ ደረት ደረሱ። ባለቤቴ የሚመግባቸው በልክ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ። ከዚያ በቃ። በአራተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ለሰፈራ ሥራ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ታዘዘ። ያን ጊዜ ሂድ የተባለ ሰው ይሄዳል። በሚሄድበት ጠዋት እኔ ሸሚዙን እየተኮስሁ ነበር፤ እሱ የጫማውን ክር እያሰረ፣ «ለአባ ንገሪያቸው፣ ከእንግዲህ ለብርቱካኑ ማዳበሪያ የለም፤ ውሃም ቀነስ ያድርጉለት» አለኝ። እሺ አልሁት። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። እሱም መኪና ረፍዶበት ነበር።

ለሽማግሌው ግን አልነገርኋቸውም። ትምህርት ሊከፈት ነበር፣ ምዝገባው ነበር፣ ተራራውን መውጣትም ሰነፍሁ።

መስቀል ካለፈ በሳምንቱ እሳቸው ራሳቸው መጡ። አጥሩ ጋ ቆመው በትራቸውን ተደግፈው፣

«ቲቸር፣ ዛፍሽ ታሟል» አሉ።

«የኔ አይደለም አባ፣ የእርስዎ ነው። ምን ሆነ?»

«ቢጫ ሆኗል። ዝም ብሎ ቆሟል። ምንም አያወጣም። እኔ ጫት እንዲህ ቢሆንብኝ አፍራለሁ፤ ሰው ያልፋል፣ ያያል፣ ይስቃል።»

ጓዳችን ውስጥ ግማሽ ጆንያ ዩሪያ ነበር፤ ባለቤቴ ለበቆሎ ሠርቶ ማሳያ ያመጣውና የተረፈው የመሥሪያ ቤት ንብረት። ሽማግሌው በበሩ በኩል ጆንያውን አዩት። እኔም ማየታቸውን አየሁ። የባለቤቴ ቃል ያኔ ትዝ አለኝ፤ አልረሳሁትም። ነገር ግን ማዳበሪያው ለበቆሎ እንዲተርፍ ፈልጎ ነው ብዬ ተረጎምሁት። ደግሞም አፍሬ ነበር፤ ሰው የሚስቀው በሽማግሌው ላይ ብቻ ሳይሆን በባለቤቴም ላይ ስለነበር፣ ሲመለስ ዛፎቹ ለምልመው ቢያገኛቸው ደስ ይለዋል አልሁ።

«ይውሰዱት» አልኋቸው። «ግን አባ፣ ለእሱ እንዳይነግሩት። የመንግሥት ነው፤ ሳልፈርም ነው የማወጣው።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ወላሂ። ከኔ አፍ አይወጣም።»

ቅዳሜ በአህያ ጭነን ወጣን። እኔም አብሬ ሄድሁ። በየዛፉ ዙሪያ በዶማ ክብ እየቆፈርን፣ ሁለት ሁለት እፍኝ እየሰጠን፣ አፈር እየመለስንበት ከላይኛው እርከን ጀምረን ወረድን። አምስተኛው እርከን ላይ ሁለተኛው ዛፍ ጋ ስንደርስ ጆንያው ባዶ ሆነ። አራት ዛፎች ሳይደርሳቸው ቀሩ። ሽማግሌው ጆንያውን ገልብጠው አራገፉና፣ «እነዚህን ደግሞ አላህ ያብላቸው» አሉ። ከዚያ ለጫት እንደሚደረገው የምንጩን ቦይ ከፍተው አጠጡ፤ ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ ያጠጡ ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሄጄ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ማዳበሪያ የደረሳቸው ዛፎች በሙሉ ከላይ እስከ ታች አዲስ ቅጠል ለብሰዋል፤ ስስ፣ የሚያበራ፣ ሲነኩት የሚሰበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። የሽማግሌው ባለቤት አንድ ቀምበጥ ቀነጠሱና አፋቸው ውስጥ ጨምረው አኘኩት። ፊታቸው ተጨማደደ፣ ተፉት።

«እንዴት ነው?» አላቸው አንዱ።

«መልኩ የሱልጣን፣ ጣዕሙ የሬት» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ በእርከኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እያሉ ቅጠሉን በመዳፋቸው ይደግፉታል። እኔም ወደ ቤቴ የተመለስሁት እየኮራሁ ነው።

ኅዳር እኩሌታ ላይ ሰማዩ ለሦስት ቀን ጥርት ብሎ ሰነበተ፤ ነፋስም አልነበረም። በአራተኛው ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ በመንገዱ ዳር ያለው ሣር አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነበር። ልጆቹ እያነሡ በመዳፋቸው ያቀልጡታል። ከተማ ውስጥ እንዲህ ከሆነ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብሁም። በእረፍት ሰዓት ሽማግሌው የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ቆመው አየኋቸው። አልጠሩኝም። ወደ እሳቸው ስሄድ፣ «ነይ» ብቻ አሉ።

ስንደርስ ፀሐይ ሞቅ ብላ ነበር። ዛፎቹ የፈላ ውሃ የተደፋባቸው ይመስላሉ። ያ ሁሉ ለጋ ቅጠል ጠቁሮ፣ ሟሽሾ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። በእጄ ስይዘው እንደ ተቀቀለ ጎመን ላሸቀ። ቅርንጫፎቹ ጫፍ ጫፋቸው ጠቁሯል፤ አንዳንዶቹ ግንዳቸው ላይ ቅርፊቱ ተሰንጥቋል። አጠገቡ ባሉት እርከኖች ላይ ሳይነቀል የቀረው የሽማግሌው ጫት ግን ብዙ አልተጎዳም። እሱ ቀምበጡ ባለፈው ሳምንት ተቆርጦ ገበያ ሄዷል፤ የቀረው ጠንካራው አሮጌ ቅጠል ነው። ጫት ሲሆን ቀምበጡን የምናወጣው ልንቆርጠው ነው፤ ውርጭ ሲመጣ የሚያገኘው ነገር አይኖርም። ብርቱካን ላይ ግን ያን ሁሉ ለጋ አውጥተን እዚያው ትተነዋል።

ከዚያ ወደ አምስተኛው እርከን ወረድሁ። አራቱ ዛፎች፣ ማዳበሪያ ያልደረሳቸው፣ እንደ በፊቱ ቢጫ ሆነው ቆመዋል። ቅጠላቸው ትንሽ ተጠብሷል፤ ግን ጠንካራ ነው፣ አልረገፈም። ቦታው ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ያለው፣ ብርዱ የሚተኛበት ነው። ያኔ ገባኝ። ለማንም ምንም አልተናገርሁም።

ባለቤቴ ታኅሣሥ ላይ ተመለሰ፤ ከስቶ፣ ወባ ይዞት። ከተማ ከመግባቱ የብርቱካኑን ወሬ ሰው ነግሮታል። በማግስቱ ጠዋት ልውጣ አለ። ታመሃል ብዬ ብነግረውም አልሰማም። አብሬው ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ እነግረዋለሁ እያልሁ፣ አንዴ ድካሙን፣ አንዴ ዳገቱን ምክንያት እያደረግሁ ደረስን።

ሽማግሌው መጥረቢያቸውን ይዘው ላይኛው እርከን ላይ ይጠብቁን ነበር። ባለቤቴ ከዛፍ ወደ ዛፍ እያለ አንዱን እርከን አየ፣ ሁለተኛውንም አየ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመና ወደ ታች ተመለከተ።

«ከላይ እንዲህ ከሆነ ከታች ምን ሊተርፍ» አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ቦታው ለብርቱካን ይቀዘቅዛል፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ይንቀሉትና ጫትዎን ይመልሱ። እኔም ቦታው አይሆንም ብዬ ለመሥሪያ ቤቱ እጽፋለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት።»

ሽማግሌው አዩኝ። ዓይናቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። የገቡልኝ ቃል ነበረ፤ አንዲት ሴት በባሏ ፊት እንዳትዋረድ ዛፋቸውን ሊነቅሉ ነው። «እሺ» አሉ ለባለቤቴ። መጥረቢያውን አነሡና ወደ መጀመሪያው ዛፍ ሄዱ።

«ማዳበሪያ ሰጥተነዋል» አልሁ።

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። «መቼ?»

«ከመስቀል በኋላ። ጓዳ ያለውን ዩሪያ። አባ አልጠየቁኝም፤ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። አንተ ያልኸውንም አልነገርኋቸውም።»

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን እንደ ሐኪም ይጠይቀኝ ጀመር። ስንት እፍኝ? ውሃስ? በየስንት ቀኑ? ቀምበጡ መቼ ወጣ? ሁሉንም መለስሁለት። ሽማግሌው መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

«የት ላይ አለቀ?»

«ታች፣ አምስተኛው ላይ። አራቱ አልደረሳቸውም።»

ሳልጨርስ ወረደ። ተከተልነው። አራቱ ዛፎች ጋ ሲደርስ ቅጠላቸውን አንድ በአንድ ያጥፋል፣ ይለቃል። ከዚያ ከአጠገባቸው ወዳለው፣ ማዳበሪያ ወደ በላው ዛፍ ሄደና ግንዱን በጥፍሩ ፋቀ። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነበር።

«አባ፣ ይምጡ ይዩ። ይሄ አልሞተም።»

«ምኑ ነው ያልሞተው? ሬሳ ነው።»

«ጫፉ ነው የሞተው። ይስሙኝ። ዝናብ ሲያቆም ዛፍ ማደግ ትቶ እንጨቱን ያጠነክራል፤ ለብርዱ የሚዘጋጀው ያኔ ነው። እኛ ማዳበሪያና ውሃ ስንሰጠው ገና ክረምት መሰለው። ለጋ አወጣ። ለጋ ደግሞ ውሃ ብቻ ነው፤ ውርጭ ሲነካው ውሃው ውስጡ ይረጋና ያፈርሰዋል። ቦታው ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ሦስት ዓመት ችሎታል። ዘንድሮ ያቃተው ስላላስተኛነው ነው።»

«እንግዲያው ማዳበሪያ መርዝ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አይደለም። እነዚህን አራቱን አይተው እንዳይሳሳቱ። እነዚህ የተራቡ ናቸው። የተራበም ዛፍ ብርድ አይችልም፤ ውርጩ ትንሽ ጠንከር ቢል ኖሮ እነሱንም ይወስዳቸው ነበር። መመገብስ መመገብ አለበት፤ ግን ክረምቱ ሲገባ፤ ሐምሌን ሳያልፍ።»

ሽማግሌው መጥረቢያቸውን መሬት ላይ አቆሙ። «የጠቆረውን ልቁረጥ?»

«አሁን አይቁረጡ። አሁን ቢቆርጡት ደግሞ ያቆጠቁጣል፤ ጥር ላይ ሌላ ውርጭ ያገኘዋል። ደግሞም የትኛው እንደሞተ የትኛው እንደተረፈ ገና አናውቅም። በልግ ይምጣ። ዛፉ ራሱ ያሳየናል።»

«አራት ወር? አራት ወር ሬሳ ልጠብቅ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔን ይስደቡኝ።»

«አንተንማ ይሰድቡሃል፤ እሱን ተወው» አሉ። ከዚያ መጥረቢያውን ለባለቤቴ ሰጡት። «ይሄን አንተ ያዘው። እኔ ጋ ካለ አላምነውም፤ ጠዋት ተነሥቼ እቆርጠዋለሁ።»

ባለቤቴ መጥረቢያውን ተሸክሞ ወረደ። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ እንዲህ አለኝ፤ «ማዳበሪያውን መስጠትሽ ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ግን ዝም ብትይ ኖሮ እኔ አይሆንም ብዬ እጽፍ ነበር፤ ይህ አገርም ብርቱካን አይበቅልበትም ተብሎ ይቀር ነበር።» በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ቢሮው ሄዶ ግማሽ ጆንያ ዩሪያ መጉደሉን በጽሑፍ አስታወቀ፤ ማን እንዳወጣው ሲጠይቁት «ከቤቴ ነው የወጣው» ብሎ ተግሣጽ ተቀበለ። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ የቢሮው ጸሐፊ ናት።

እነዚያ አራት ወራት ረዘሙብኝ። ጥር ላይ ሌላ ውርጭ መጣ፤ ዛፎቹ ላይ የሚያገኘው አዲስ ነገር ስላልነበረ ብዙም አልጨመረባቸው። የካቲት ላይ የተቃጠለው ቅጠል ረግፎ አለቀና እርከኖቹ ላይ የቆመው ባዶ እንጨት ብቻ ሆነ። ባለቤቴ በየሳምንቱ ይወጣል፤ ግንዱን እንዲፍቅ ሽማግሌው ይጠሩታል፤ እሱ ይፍቃል፤ «አለ» ይላል። ሽማግሌውም «አለ ይላል» ብለው ለጎረቤት ያስተላልፋሉ። ጎረቤቱም ይህን ይዞ ባለቤቴን «አለ» እያለ መጥራት ጀመረ።

በልጉ መጋቢት ላይ ጣለ። ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ወጣን። ከመሰላ የመጡ ገበሬዎችም ነበሩ፤ ወሬውን ሰምተው ሊያዩ የመጡ። ባለቤቴ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየሄደ፣ የሞተውን ጫፍ እየገረዘ ቆጠረ። ማዳበሪያ ከበሉት ሃያ ስድስቱ ውስጥ አሥራ ሰባቱ ከግንዳቸው አዲስ አቆጥቁጠዋል። አምስቱ ያቆጠቆጡት ብርቱካኑ ከሎሚው ግንድ ጋር ከተጣበቀበት በታች ነው፤ እነሱ ከእንግዲህ የሚያፈሩት ኮምጣጣ ሎሚ ነው። አራቱ ደርቀዋል። ያልበሉት አራቱ ደኅና ናቸው፤ ባለቤቴ ለእነሱ በቅድሚያ ፍግ አለበሳቸው።

ከገበሬዎቹ አንዱ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ባለቤቴ «ከመስቀል በኋላ ማዳበሪያ ሰጠን፤ ብርዱ ሲመጣ ለጋውን አገኘው። አቃጠልነው» አለ። ማን እንደሰጠ አልተናገረም።

ሽማግሌው ወዲያው ገቡ። «እሱ አልሰጠም። እሱ አገር ውስጥ አልነበረም። እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ።»

«አባ፣ ጆንያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልሁ። በሰው ፊት ስናገረው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

የመሰላው ሰውዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ባለቤቴን አየ። «ታዲያ ሦስት ሆናችሁ ነው ዛፉን የገደላችሁት? ለአንድ ውርጭ ብዙ ሰው ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴም ሳቀ፤ ከሰፈራው ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያው ነበር። ሰውዬው ግን ዋናውን ጥያቄ አልረሳም። «አባ፣ አሁንስ ትነቅለዋለህ?»

ሽማግሌው የደረቁትን አራት ዛፎች በበትራቸው አንድ በአንድ አመለከቱ። «እነዚህን እነቅላለሁ። ጫት እተክልበታለሁ። ሌላውን አልነካም» አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «አንተ፣ ሐምሌ ላይ ና። ስንት እፍኝ እንደሆነ በዓይኔ ፊት ስፈርልኝ። ሚስትህንም ይዘሃት ና።»